መጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ይመራል

ንብ ከአንድ አበባ ቀስማ በዚያው አትቀርም፤ ወደ ሁለተኛውና ወደ ሦስተኛው ትሄዳለች። ዕውቀትን የሚሻ ሰውም እንዲሁ ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን የአንድ ተማሪ አባት ታላቅ ሐዘን አገኛቸው። የእሳት እራት በቀፎዎቻቸው ገብታ እንቁላል ጣለች፤ ትሉም ተፈልፍሎ ሰሙን በላው፤ ንቦቹም ቀፎውን እየተዉ ሸሹ። የልጁ ልብስና ደብተር የሚገዛው ከማሩ ዋጋ ነበረ።

ልጁ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄዶ ስለ ንብ ማነብ የተጻፈ አንድ መጽሐፍ አገኘ። እስከ መጨረሻው አነበበው፤ ዳሩ ግን ስለ ማር አቈራረጥ እንጂ ስለ ትሉ አይናገርም ነበር። ተስፋ ቈርጦ ሊወጣ ሲል የመጻሕፍቱ ጠባቂ፣ «ልጄ፣ ምን አጥተህ አዘንህ?» አሉት። አፍሮ ዝም አለ። ነገር ግን «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላልና፣ አባቱን አስቦ ሁሉን ነገራቸው።

ሽማግሌው ከመሳቢያ ውስጥ የዚያን መጽሐፍ ካርድ አወጡ። «የጸሐፊውንና የመጽሐፉን ስም ሁሉም ሰው ያያል፤ አንተ ግን ግርጌውን ተመልከት። ‹ንብ ማነብ› ይላል። እንግዲህ በዚህ ቃል ሌሎችን ካርዶች ፈልግ» አሉት።

ልጁ ቢፈልግ አራት ካርዶች አገኘ። ከአንደኛው ግርጌ ‹የንብ ጠላቶች› የሚል ሌላ ቃል ነበረ። በዚያም ቃል ደግሞ ቢፈልግ አንድ አዲስ መጽሐፍ ተገኘ።

«ጌታዬ፣ ይህ መጽሐፍ ስለ ምን ከፊተኛው ጋር አልተቀመጠም?» ብሎ ጠየቀ።

«ቁጥሩን እይ» አሉት። «አሜሪካዊው ሜልቪል ዱዊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1876 ዓ.ም. ባሳተመው ሥርዓት ዕውቀት ሁሉ በ10 ክፍል ይከፈላል። ንብ ማነብ የእጅ ሥራ ስለ ሆነ ከ638 ላይ ይቀመጣል፤ የነፍሳት ጠባይ ግን የፍጥረት ትምህርት ስለ ሆነ በ595 ነው። መደርደሪያ የለያየውን ካርድ ያገናኘዋል።»

አዲሱ መጽሐፍ፣ የእሳት እራት የምታሸንፈው የደከመውን የንብ መንጋ ነው፤ የበረታው ግን ራሱ ያስወጣታል፤ ስለዚህ የተበላሸውን የማር እንጀራ አውጥቶ ማቃጠል ይገባል ይላል። ልጁ ለአባቱ አነበበላቸው፤ እርሳቸውም እንደ ተባለው አደረጉ። የሸሹት ንቦች አልተመለሱም፤ የቀሩት ግን ዳኑ።

ዛሬ በብዙ ቤተ መጻሕፍት በካርዱ ፈንታ ኮምፒውተር ገብቶአል፤ ሥርዓቱ ግን ያው ነው።

ልጆች ሆይ፣ አንድ መጽሐፍ ያልመለሰላችሁን ጥያቄ መልስ የለውም አትበሉ። ትንሹን ጽሑፍ ሳትንቁ ተከተሉት፤ ወደምትፈልጉት ያደርሳችኋል።