«500 ዋት» ተሸክሜ ጂንካ ገባሁ

ዛሬ ስለ ፍቅር ኩርፊያም ሆነ ስለ ፊት ማድያት አላወራችሁም። ወሬዬ ስለ ስፒከር ነው። «ደግሞ ስፒከር ምኑ ይወራል?» የምትሉ ትንሽ ታገሡኝ። የተጣለ ቴፕ ባዩ ቁጥር ካቻቢቴ የሚያነሱ፣ ሳጥን ለመሥራት ሲሉ የቤታቸውን ቁም ሣጥን በክፉ ዓይን የሚያዩ ወጣቶች በየሰፈሩ እንዳሉ አውቃለሁ። እኔም ከነሱ አንዱ ነኝ። ስፒከር ሲያማርጡ ጓደኛ እስከማጣት ሊደረስ እንደሚችል ግን ጂንካ እስክሄድ ድረስ አላወቅሁም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ አብሮኝ የተማረ አንድ ጀለሴ የጂንካ ልጅ ነው። ትምህርቱን ጨርሶ አገሩ ገባና እቁብ ሲወጣለት የቡናና የጁስ ቤት ከፈተ። እቁብ ቀድሞ የወጣለት ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ብሩ አልቆም በየሳምንቱ መጣል አለ። ደወለና «ሙዚቃ የሌለው ቤት ማን ይገባል? አንተ አይደለህ እንዴ ሠሪው፣ ሥራልኝ» አለኝ። ብሩንም ላከ። ከምን ላይ ቀንሶ እንደላከው አውቃለሁ።

እኔም ኮራሁ! ሁለት ትልልቅ ሳጥን ከችፑድ ቆረጥኩ። ባለ 10 ኢንች ዉፈሮቹን ምናለሽ ተራ ስቆፍር ውዬ አገኘሁ። ትዊተር ነበረኝ። የቀረኝ የመሃሉ፣ ሚድሬንጅ የሚሉት ነው። እሱን ከመርካቶ ሱቅ አዲስ ገዛሁ፦ ፊቱ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ብርማ፣ ዙሪያው ወርቃማ ቀለበት፣ ጀርባው ላይ «500 ዋት፣ 8 ኦም» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት። የገዛው ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬማ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል ምን ሊሰማ!

ለማያውቅ ላስረዳ። ዉፈር ከበሮውንና ቤዝ ጊታሩን ይይዛል። ትዊተር ጸናጽሉንና የ«ስ»ን የ«ሽ»ን ፉጨት ይይዛል። በመሃል ያለው፣ ከ300 አካባቢ እስከ 3 ወይም 4 ሺህ ኸርዝ፣ የሚድሬንጅ ሠፈር ነው። እዚያ ሠፈር የሚኖረው ማነው? ሰው! ዘፋኙ፣ ማሲንቆው፣ ክራሩ። የድሮው የመስመር ስልክ የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ብቻ ነበር፤ ያም ሆኖ እናታችሁን ገና «ሄሎ» ስትል ትለዩዋት አልነበር? ጆሯችንም ከሁሉ ይበልጥ ንቁ የሆነው ከ2 እስከ 5 ሺህ ኸርዝ ባለው ላይ ነው። ስለዚህ ዉፈር ቢያጠፋ ይታለፍለታል፤ ሚድሬንጅ ካጠፋ ግን ወዲያው ይነቃበታል።

ከአዲስ አበባ ጂንካ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እኛ በሶዶ አድርገን አርባ ምንጭ አደርን። ሳጥኖቹ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ታስረዋል፤ ብርማዎቹን ግን በነጠላ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አቅፌያቸዋለሁ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ቆይተው ቆይተው «ልጄ፣ ምንድነው የያዝከው? ይተነፍሳል?» አሉኝ። በማግስቱ ዩኔስኮ በ2011 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ቅርስነት የመዘገበውን የኮንሶን እርከን በመስኮት እያየን ወደ ወይጦ ቆላ ወረድን። ሙቀቱ ሌላ ነው። የፀማይ እረኞች ከብቶቻቸውን አስፋልቱ ዳር ይዘው ቆመዋል። ሐሙስ ስለነበር ቀይ አፈር ገበያዋ ሞልቷል፤ የበናና የሐመር ወንዶች በርኮታቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው፣ ሴቶቹ ፀጉራቸውን በቀይ አፈርና በቅቤ አሽተው። ከዚያ መንገዱ ሽቅብ ይልና አየሩ ይቀዘቅዛል። ሙዝና እንሰት መታየት ሲጀምር ጂንካ ደረስን ማለት ነው።

ጂንካ ረጅም ዘመን የደቡብ ኦሞ ዋና ከተማ ሆና የኖረች፣ የአሪ ተራሮች ከኋላዋ የቆሙላት፣ የኔሪ ወንዝ በጎኗ የሚያልፍ ከተማ ናት። መሃሏ ላይ ሣር ለብሶ የሚታየው ሜዳ የድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ነው። አውሮፕላን ሲመጣ መጀመሪያ ከብት ማባረር ነበር እያሉ የከተማው ሰዎች ይስቃሉ። ኮረብታው ላይ ያለውን ሙዚየምም ሳታዩ እንዳትመለሱ። የአካባቢውን ሕዝቦች ዕቃ አንድ ላይ የምታዩት እዚያ ነው።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። የዚያኑ ዕለት ማታ ስፒከሮቹን ገጠምኩና ከፈትነው። «አቤት ድምፅ!» አለ ሰው ሁሉ። እኔም ደረቴን ነፋሁ። ግማሽ ሰዓት አልቆየም፣ ጥግ የነበሩት ሦስት ልጆች በጩኸት ማውራት ጀመሩ፤ ከዚያ ቡናቸውን ሳይጨርሱ ሂሳብ ጠየቁ። ከዚያ ሌሎቹ ተከተሉ። ዘፋኟ «ስ» ባለች ቁጥር ጆሮ ውስጥ መርፌ ይገባል። ጀለሴ ድምፁን ሲቀንሰው ደግሞ ዘፋኟ ከከበሮው ሥር ተቀበረች። «ሞንታርቦ ነው እንዴ የሠራህልኝ?» አለኝ እየሳቀ። ሳቁ ግን ከልቡ አልነበረም።

የባሰው የመጣው በኋላ ነው። የጀለሴ እናት በሕይወት የሉም። ድምፃቸው የቀረው በ1988 ዓ.ም. ሠርግ ላይ የተቀዳ አንድ ካሴት ላይ ነው፤ በአሪኛ ሲያወጉና ሲያዜሙ። አባቱ አዲሱን ቤት ሊመርቁ መጡና «እስቲ እሷን አሰማኝ፣ በትልቁ» አሉ። ካሴቱን ከተትነው። ሽማግሌው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ፣ አዳመጡና «ይቺ ማናት?» አሉ። «እማዬ ናት እኮ አባዬ!» አለ ልጅየው። «አይደለችም» አሉ፤ ከዘራቸውን አንስተው ወጡ።

እናንተዬ፣ ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ጀለሴ አንድም ቃል አልተናገረኝም፤ እሱ ነው የከፋው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ብርማውን ፈትቼ በገበያው አቅራቢያ ወዳሉ አንድ ሸምገል ያሉ ራዲዮ ጠጋኝ ወሰድኩት። ገልበጥ አድርገው ወረቀቱን አነበቡና ከት ብለው ሳቁ። «ልጄ፣ ይሄ 500 ዋት ከሆነ እኔ ግልገል ጊቤ ነኝ!» አሉኝ። ማግኔቱ ከቡና ሲኒ ማስቀመጫ አይበልጥም፤ ኮይሉም ወርዱ 1 ኢንች ብቻ ነው። ያን ያህል ኮይል 500 ዋት ለአንድ ዘፈን ዕድሜ እንኳ ቢሰጡት ተቃጥሎ ጭሱ ይወጣ ነበር። ወረቀት ላይ የሚጻፈው ዋት ብዙ ጊዜ ለቅጽበት ያህል የሚገመት እንጂ ዕቃው ችሎት የሚውል አይደለም። ቀጥለው ቴስተራቸውን አነሱ። «8 ኦም» የተባለው ስፒከር 3.4 አነበበ! 8 ኦም ስፒከር በቴስተር ሲለካ ወደ 6 ገደማ ነው የሚያነበው። የኔው ባለ 4 ኦም ነበር ማለት ነው።

ጥፋቱ ታዲያ የማን ነው? የኔ! ቴስተር ቤቴ ነበረኝ፤ ወረቀት አምኜ አልለካሁም። ዉፈሩን 800 ኸርዝ ላይ ቆርጬዋለሁ። ሚድሬንጁ ከ1,000 እንዲጀምር ብዬ 20 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ሰጥቼዋለሁ፤ ስሌቱ ግን ለ8 ኦም ነው። 4 ኦም ላይ ያቺው ካፓሲተር የምታስጀምረው ከ2,000 ኸርዝ ነው። ከ800 እስከ 2,000 ያለው የሰው ድምፅ ሥጋው ስለሆነ፣ ሥጋውን አስርቤ አጥንቱን አስጮህኩት ማለት ነው። በዚያ ላይ 4 ኦም ከ8 ኦም እጥፍ ኃይል ስለሚስብ ጩኸቱ ከሌሎቹ በላይ ሆነ። አባትየው ሚስታቸውን ባያውቋት ምን ይገርማል?

«እንግዲህ ካስተካከልነው አይቀር እናወዳድረዋ» አሉ ጋሼ፤ ከመደርደሪያቸው አቧራ የጠጣ ባለ 5 ኢንች አወረዱ። ከድሮ የእንጨት ራዲዮ የወጣ፣ ቡናማ የወረቀት ኮን፣ አንድ ቦታ ተቀዶ በስስ ወረቀትና በኮላ የተለጠፈ፣ ቢበዛ 15 ዋት የሚችል። የኔን ብርማ በጣታቸው ጫፍ ነካ አደረጉት፤ «ጢንግ» አለ። ወረቀቱን ነካ አደረጉት፤ «ዱፍ» ብሎ ዝም። «ይሄኛው ራሱ ይናገራል፣ ያኛው የተነገረውን ይናገራል» አሉ።

በነገራችን ላይ ብረት የሆነ ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ያማሃ በ1974 (እ.ኤ.አ.) ኤን ኤስ 1000ን ሲያወጣ ሚድሬንጁን ከቤሪሊየም ሠርቶት ዓለም አጨብጭቦለታል። የዚያው ኩባንያ ኤን ኤስ 10 ደግሞ በ1978 ነጭ የወረቀት ኮን ይዞ ወጣና የስንቱን ስቱዲዮ ጠረጴዛ ወረሰ። ራይስና ኬሎግ የተባሉት አሜሪካውያን መሐንዲሶች የዛሬውን ዓይነት ስፒከር በ1925 ሲያስተዋውቁም ኮኑ ወረቀት ነበር። ወረቀት እንደ አየሩ እርጥበት ስለሚለዋወጥ እንግሊዞቹ የቢቢሲ መሐንዲሶች ወደ ፕላስቲክ ዞሩ፤ የዜና አንባቢው ድምፅ ሳይቀየር እንዲሰማ ብለው። ሁሉም የሚሯሯጠው ለሰው ድምፅ ነው። ብረትን ቤሪሊየም አድርጎ መሥራት ሌላ፣ ብርማ ቀለም ቀብቶ መሸጥ ሌላ!

ማወዳደሪያውን ላውራችሁ፣ ይጠቅማችኋል። ጋሼ ለብርማው 4 ኦም ሬዚስተር አስከትለው በየዱለት፤ እሱም 8 ኦም ሆነ፣ ጩኸቱም ረገበ። ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ እኩል የማይጮሁ ስፒከሮችን ካወዳደራችሁ ጆሮ ሁልጊዜ የሚመርጠው ጮክ ያለውን ነው። ቀጥለው ለእያንዳንዱ ሁለት ባለ 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተሮችን ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ አገናኙ፤ 50 ይሆናል፣ ከ400 ኸርዝ ያስጀምራል። ዉፈሩም 400 ላይ እንዲያቆም ኮይሉን እጥፍ አደረጉት። እኔ ሚድሬንጁን ከዉፈሩ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ ነበር የከተትኩት። ዉፈሩ አየሩን በገፋ ቁጥር የሚድሬንጁን ኮን ከኋላው ይመታዋል፣ ዘፋኟም ትንቀጠቀጣለች። «ለብቻው ቤት ስጠው» አሉና ከገበያ ሁለት ቅል ገዙ። እዚያ አገር ሸፈሮ፣ የቡናው ገለባ፣ የሚጠጣው በቅል ነው። ቅሉን ቆርጠው፣ ጥጥ ሞልተው የስፒከሩን ጀርባ ከደኑበት። ክብ ስለሆነ ትይዩ ግድግዳ የለው፣ ድምፁ ወዲያና ወዲህ አይላተምም። ከችፑዴ እጅ የተሻለ ነበር፤ እውነቱን መናገር ይሻላል።

በአንዱ ሳጥን ብርማውን፣ በሌላው ወረቀቱን አድርገን ተራ በተራ ሰማን። ጥላሁን ገሠሠ፦ ወረቀቱ ላይ ጉሮሮው ይሰማል፣ ብርማው ላይ ጥርሱ። አስቴር አወቀ ድምፅዋን ስታርገበግብ ብርማው አብሯት ይርገበገባል፤ የሷን ከሱ መለየት አቃተን። የዓለሙ አጋ በገና ዋናው ፈተና ነበር። በገና ክሩ ወፍራም፣ ንዝረቱ ግን ከክሩና ከመደገፊያው መካከል ከምትገባው ቁራጭ ቆዳ የሚመጣ፣ ሚድሬንጅ ላይ የሚያርፍ ነው። ወረቀቱ እዝ… እያለ ሲያወጣው ብርማው እንደ ተሰነጠቀ ቆርቆሮ አደረገው።

አንድ ቦታ ግን ብርማው አሸነፈ። ጀለሴ የሐመር ከብት ዝላይ ላይ በስልኩ የቀዳው ነበረው፤ ሴቶቹ እግራቸው ላይ ደወል አስረው ሲረግጡ፣ የቆርቆሮ ጡሩምባቸውን ሲነፉ። በብርማው ላይ ደወሉ ክፍሉ ውስጥ ያለ ይመስላል። ወረቀቱ አለዘበው፣ አቧራ አለበሰው። ጋሼም አልካዱም። «ደወል ለምትሰማበት እሱን ያዝ፣ ሰው ለምትሰማበት ይሄንን» አሉኝ። ሁለተኛዋን ወረቀት ከሌላ ራዲዮ አወጡልኝና በሁለቱ ምትክ አንዷን ብርማ ወሰዱ፤ ለምን እንደፈለጓት እስካሁን አልገባኝም።

ቅዳሜ ገበያ ሲበተን ቤቱ ሞላ። ሰው ያወራል፣ ሙዚቃውም ይሰማል። አባትየው ግን የመጡት ዘግየት ብለው ነው፤ ልጃቸው ሁለት ጊዜ ልኮባቸው። ካሴቱን ከተትነው። ተቀመጡ። ብዙ ቆዩ፤ እኔ የምሰማው የራሴን ልብ ነበር። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ስፒከሩ ቀሰር አድርገው በአሪኛ አንድ ነገር አሉ። «ምን አሉ?» አልኩት ጀለሴን። «አጠገቧ ሆና የምትስቀው እህቷ ናት አለ» አለኝ። ለካ ካሴቱ ላይ ሁለት ሴቶች ነበሩ! ልጁ ራሱ ያን ሁሉ ዓመት ሲሰማው አንዷን ብቻ ነበር የሚያውቀው። ካሴቱን ወደ ኋላ አጠንጥኖ እንደገና ከፈተው፤ ሽማግሌው ሁለተኛ ቡና አዘዙ።

እንግዲህ መርካቶ የምትወርዱ፣ ቴስተርና አንድ የባትሪ ድንጋይ ኪሳችሁ ይግባ። በቴስተር ኦሙን ለኩ። ድንጋዩን ለአፍታ ነካ ስታደርጉት ኮኑ ወደ ፊት ከወጣ ፖዘቲቩን አገኛችሁ፤ ሁለቱ ሳጥኖች ላይ ካዘበራረቃችሁት ዘፋኙ ከመሃል ይጠፋል። ኮኑን በጣት ነካ አድርጉት። ሻጩ የሚከፍትላችሁን ዘፈን ሳይሆን በአካል የምታውቁትን ሰው ድምፅ ይዛችሁ ሂዱ።

በመልሱ መንገድ ያቺ የቀረችኝ ብርማ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረች። ወይጦ ስንደርስ ሾፌሩ ሙዚቃ ከፈተ፤ ጆሮዬን ወጋኝ። ቀና ብዬ ባይ ከራሱ በላይ ወርቃማ ቀለበቷ እያበራ የሷው መንትያ ተሰቅላለች። «ወንድም፣ ትንሽ ቀንስልን» አልኩት። «ምነው፣ 500 ዋት እኮ ናት!» አለኝ።