አንድ ጦርነት፣ ብዙ ውሳኔ

የዘንድሮ ፋሲካ እናቴ ቤት፣ ዶሮ ወጡ ከመሶቡ ሳይነሳ ክርክር ተነሳ። የእህቴ ልጅ የተወለደው ኢትዮጵያና ኤርትራ የተዋጉበት የባድመው ጦርነት ባበቃበት ዓመት ነው። ስልኩን ሲነካካ ቆየና ቀና ብሎ አጎቴን ጠየቀው። «ጋሼ፣ ባድመን መጨረሻ ላይ ለእነሱ ከተውናት እናንተ ለምን ነበር የሄዳችሁት?»

አጎቴ የቆሰለው ጾሮና ግንባር ላይ ነው። የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም፤ እንጀራ የሚቆርሰው በቀሩት ሦስቱ ነው። እናቴ «በበዓል ምድር!» ብላ ልጁን ልትቆጣ ስትል በእጁ ምልክት አስቆማት። የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠና «ባድመ ለምን እንደሄድኩ አውቃለሁ» አለ። «ባድመን ካስለቀቅን በኋላ ጾሮና ለምን እንደሄድኩ ግን እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።»

ልጁም ዝም፣ ቤቱም ዝም። ቡናው ተፈላ፣ ወሬው ተቀየረ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ይቺን መልስ እያመነዠግኩ ነው፤ ምክንያቱም አጎቴ ሃያ ምናምን ዓመት የተከራከርንበትን ጥያቄ በሁለት ዐረፍተ ነገር ለሁለት ሰነጠቀው። እኛ «ጦርነቱ ተገቢ ነበር ወይስ አልነበረም?» እያልን ስንጯጯህ ጦርነቱን እንደ አንድ ድርጊት እንቆጥረዋለን። ጦርነት ግን በየወሩ የሚታደስ ውሳኔ ነው። የመጀመሪያው ቀን ትክክል መሆኑ የሁለተኛውን ዓመት ዕዳ አይከፍልም።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር። (ዓመቶቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

ግንቦት 4 ቀን 1990 የኤርትራ ጦር በታንክ ታጅቦ ባድመ ገባ። ባድመ በዚያን ሰዓት በኢትዮጵያ አስተዳደር ሥር ነበረች። ኤርትራ በበኩሏ ሚያዝያ 28 ቀን በአካባቢው በተነሳ ግጭት ወታደሮቼ ተገድለውብኛል፣ መሬቱም በቅኝ ግዛት ዘመን ውሎች የእኔ ነው ትላለች። ይህን አቤቱታ ከጦርነቱ በኋላ የተቋቋሙ ሁለት የተለያዩ ኮሚሽኖች መርምረውታል፤ የሰጡት መልስም ለሁለቱም ወገን አይመችም። የድንበር ኮሚሽኑ ሚያዝያ 5 ቀን 1994 በሰጠው ውሳኔ ባድመ በኤርትራ በኩል ወደቀች። የካሳ ኮሚሽኑ ደግሞ በታኅሣሥ 1998 በሰጠው ብይን ኤርትራ ግንቦት 4 ቀን ኃይል በመጠቀሟ የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር ጥሳለች አለ። የድንበር ክርክርን በጠመንጃ መፍታት ራስን መከላከል አይባልም ነው የብይኑ መንፈስ።

ሁለቱ ብይኖች እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ይመስላሉ፤ አይጣሉም። መሬቱ የአንተ ሊሆን ይችላል፣ በታንክ መጥተህ መውሰድህ ግን ጥፋት ነው። የጎረቤትህ አጥር ወዳንተ ግቢ ገፍቶ ቢገኝ ማዘጋጃ ቤት ትሄዳለህ እንጂ ሌሊት መጥረቢያ ይዘህ አትገባም።

ስለዚህ ለእህቴ ልጅ የመጀመሪያው መልሴ ይሄ ነው፦ አጎትህ ባድመ የሄደበት ምክንያት ነበረው። ባድመ ኋላ የማን ሆና ተገኘች የሚለው ያን ምክንያት አይሽረውም።

«አማራጭ አልነበረም ወይ?» ለሚለው ሁለት መልስ አለ፤ ከግንቦት በፊትና ከግንቦት በኋላ።

ከግንቦት በፊት ነበረ፣ ሞልቶ ነበር። ደርግን አብረው የጣሉ ሁለት ድርጅቶች ሁለት መንግሥት ሲሆኑ በመካከላቸው የተሰመረ ድንበር አልነበረም። ወዳጅነታችን ይበቃል ብለው ሰባት ዓመት ተቀመጡ። በ1990 መጀመሪያ ኤርትራ ናቅፋን ስታሳትም ንግዱ በምን ገንዘብ ይሁን በሚለው ተኳረፉ። በድንበሩ ቀበሌዎች ገበሬው ከብቱ ሲወሰድበትና እርሻው ሲታረስበት ሲያመለክት ሰነበተ። ከወረራው ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ የሁለቱ አገሮች የጋራ የድንበር ኮሚቴ አዲስ አበባ ተሰብስቦ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። ቅጠሉ በእጃቸው ነበር፤ በሁለቱም ዋና ከተማ ሕዝብ እንዲያውቀው ሳይደረግ፣ በጥቂት ሰዎች መካከል በደብዳቤ ሲንሸራሸር ደረቀ። የውጭ ጋዜጠኞች ኋላ «ሁለት ራሰ በራዎች ለአንድ ማበጠሪያ ተጣሉ» ብለው ቀለዱብን። ቀልዱ ግን ገበሬውን አላየውም። ለእሱ ማበጠሪያ ሳይሆን የሚበላበት ማሳ ነበር።

ከግንቦት በኋላ ደግሞ አማራጩ ተሞክሯል፤ ይህን ጦርነቱን ሙሉ በሙሉ የሚያወግዙ ወዳጆቼ ሲዘሉት አያለሁ። አሜሪካና ሩዋንዳ ያቀረቡት ሐሳብ ኤርትራ ከባድመ ትውጣ፣ የቀድሞው አስተዳደር ይመለስ፣ ድንበሩ በሕግ ይካለል የሚል ነበር። ኢትዮጵያ ግንቦት 27 ቀን ተቀበለች፤ ኤርትራ አልተቀበለችም። በማግስቱ ግንቦት 28 ቀን መቀሌ ላይ የአይደር ትምህርት ቤት በአውሮፕላን ተደበደበ፤ ከሃምሳ በላይ ሰው ሞተ፣ ብዙዎቹ ሕፃናት። የኢትዮጵያ አውሮፕላኖችም ያን ቀን የአሥመራን አየር ማረፊያ ደበደቡ። ከዚያ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የማዕቀፍ ስምምነት መጣ፤ ያንንም ኢትዮጵያ ተቀበለች፣ ኤርትራ ዘገየች። ዘጠኝ ወር ያህል በትዕግሥት ከታለፈ በኋላ፣ የካቲት 1991 ላይ ዘመቻ ፀሐይ ግባት ባድመን አስለቀቀ። ኤርትራ የማዕቀፍ ስምምነቱን ተቀብያለሁ ያለችው ባድመ ከእጇ በወጣችበት በዚያው ሰሞን ነው። ሰላም ወዳድ ነኝ የምል ሰው ይህ ያስጨንቀኛል። ሽማግሌ ያልቻለውን ጠመንጃ ቻለው። ግን እውነት ነውና ልውጠው።

አሁን ወደ አጎቴ ሁለተኛ ዐረፍተ ነገር እንምጣ።

ባድመ ተለቀቀች፤ ወዲያ ማዶ ያለው ወገን ስምምነቱን ተቀበልኩ አለ። የእኛ መንግሥት መልስ ኤርትራ የያዘቻቸው ዛላምበሳም፣ ባዳም፣ ቡሬም ይለቀቁ የሚል ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን መጋቢት 1991 ላይ ጾሮና ግንባር በሰው ማዕበል ለመስበር የተደረገው ሙከራ አልተሳካም። አጎቴ ስለዚያ ቀን የሚያወራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ፈንጂው ላይ ከፊቴ የሄደው ልጅ ጫማው ልክ አልነበረም፤ ሰፍቶት ጨርቅ ጠቅጥቆበት ነበር» ይላል። ሌላውን አይጨምርም።

በነሐሴ 1991 የአልጀርስ ሽማግሎች የአፈጻጸም ሰነድ አቀረቡ። በዚህ ጊዜ ተራው ተገለበጠ፤ ኤርትራ ተቀበለች፣ ኢትዮጵያ ማብራሪያ ስትጠይቅ ከርማ በሰነዱ ሳትስማማ ቀረች። የሥጋት ምክንያት ነበራት፤ አስተዳደሯ እንደነበረ ስለመመለሱ ሰነዱ በቂ ዋስትና አይሰጥም ብላለች። ይሁን። ግን «ሰላም እምቢ ያለው ሌላው ነው» የሚለው የመጀመሪያው ዓመት መከራከሪያችን እዚህ ላይ እንደሳሳ ማመን አለብን። ከዚያም ግንቦት 4 ቀን 1992 ታላቁ ማጥቃት ተጀመረ፤ ባድመ በተያዘች ልክ በሁለት ዓመቷ፣ በዚያው ቀን። በቀናት ውስጥ የኤርትራዋ ባሬንቱ ተያዘች፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ኤርትራውያን ቤታቸውን ጥለው ተሰደዱ። በዚያው ዓመት በኦጋዴን ድርቅ ሰውና ከብት ይረግፍ ነበር። ሰኔ 11 ቀን ተኩስ ማቆም ተፈረመ፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 የአልጀርሱ ስምምነት። በብዙ ግምት ከሁለቱም ወገን ከ70,000 እስከ 100,000 ሰው አልቋል።

የመጨረሻው ማጥቃት ባይደረግ ኤርትራ ትወጣ ነበር ወይ? በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው ካለ አላምነውም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ። ይህን ግን እላለሁ፦ በ1992 የተፈረመው ነገር ዋናው ሥጋው፣ ማለትም ጦር ይለያይ፣ ታዛቢ ይግባ፣ ድንበሩን ገለልተኛ አካል ይወስን የሚለው፣ ከ1991 ጀምሮ ጠረጴዛ ላይ ነበር። በመካከል የሞተው ሰው የሞተው ለሐሳቡ ሳይሆን ለዝርዝሩ ነው።

«አሰብ ድረስ መሄድ ነበረብን» የምትሉም እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ሰሞኑን ደግሞ ድምፃችሁ ከፍ ብሏል። ለእናንተ አንድ ጥያቄ አለኝ። አጎቴን ባድመ የወሰደው «የሰው አስተዳደር በታንክ አይፈርስም» የሚለው ምክንያት ነው። በዚያ ምክንያት ገብቶ የኤርትራን ወደብ አሰብን ቢይዝ፣ ግንቦት 4 ቀን ባድመ ከገባው ጦር በምን ይለያል? የሚያስገባህ ምክንያት የት እንደምትቆምም ይነግርሃል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ከጦርነቱ በኋላ ያለው ነው። የድንበር ኮሚሽኑ ውሳኔ የመጨረሻና አሳሪ ይሁን ብለን ፈረምን። ውሳኔው ሲወጣ የባድመ ስም በካርታው ላይ በግልጽ አልሰፈረም ነበርና መንግሥት ድል አደረግን ብሎ አበሰረን። ኋላ እውነቱ ሲታወቅ ውሳኔው ፍትሐዊ አይደለም ተባለ። ከዚያ ጦርነትም ሰላምም የሌለበት፣ ሁለት ጦር ተፋጥጦ የሚያንቀላፋበት ዘመን መጣ። ኤርትራ ወጣቶቿን ማብቂያ በሌለው ብሔራዊ አገልግሎት ያዘች፤ ድንበሩም አሰብም ተዘግተው ቀሩ። በወቅቱ ገዢ የነበረው ኢሕአዴግ ውሳኔውን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ ያለው ግንቦት 28 ቀን 2010 ነው። አይደር በተደበደበ ልክ በሃያ ዓመቱ፣ በቀኑ።

ይህ መዘግየት ምን እንዳስከፈለ የማውቀው ከእናቴ ቡፌ ነው።

እናቴ የሰፈራችን ዕቁብ ዳኛ ነበረች። ከዕቁብተኞቹ አንዷ፣ እኛ ልጆች «የአሥመራዋ እትዬ» የምንላት ጎረቤታችን ነበረች። በ1990 ክረምት፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኤርትራዊ ትውልድ ያላቸው ሰዎች ከኢትዮጵያ ሲባረሩ፣ ኢትዮጵያውያንም ከኤርትራ በገፍ ሲወጡ፣ አንድ ሌሊት መጥተው ወሰዷት። ዕቁቧን ሳትበላ። በሦስተኛው ሳምንት ዕጣው ሲወጣ የሷ ስም ወጣ። አንዳንዶቹ «ድገሚው» አሉ። እናቴ «ዕጣ ዕጣ ነው» ብላ 1,200 ብር ፖስታ ውስጥ ከተተችና ቡፌው መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት። ያን ጊዜ ያ ብር የአንድ ቤተሰብ ክረምት ያሻግር ነበር።

ሐምሌ 2010 የሁለቱ አገሮች ስልክ ሲከፈት እናቴ ሰው በሰው አጠያይቃ የሴትዮዋን ልጅ አገኘች። እናትየው ካረፈች ሁለት ዓመት አልፏል። ልጅቷ በስልክ እያለቀሰች «እማማ፣ ለነዳያን ይሁን» አለቻት። እናቴ አልሰጠችም፤ «ስትመጪ በእጅሽ ተቀብለሽ ራስሽ ስጪ» አለቻት። ብሩ በዚያን ጊዜ አንድ በግ አይገዛም ነበር። ልጅቷ ሳትመጣ ድንበሩ ተመልሶ ተዘጋ። መስከረም 2013 የብር ኖት ሲቀየር እናቴን ባንክ እንውሰድልሽ አልናት፤ «የሰው አደራ እንዳለ ይቀመጥ» አለችን። ሁለት ወር ሳይሞላ በትግራይ ጦርነት ተቀጣጠለ፣ የኤርትራም ጦር ገባበት። ፖስታው ዛሬም እዚያው ነው። ሒሳቡ አንድ ሳንቲም አልጎደለም፤ ምንም ግን አይገዛም።

በ1994 ልንቀበለው የሚገባንን ፍርድ በ2010 መቀበል ለእኔ ያ ፖስታ ነው።

አስተያየት ለምትጽፉ አንድ ነገር ልለምን፦ «ጦርነቱ ልክ ነበር» ወይም «ልክ አልነበረም» ብላችሁ አትለፉኝ። የትኛውን ቀን፣ የትኛውን ውሳኔ እንደሆነ ንገሩኝ። አጎቴም የሚያነበው እሱን ነው።