ካርቶኑ ላይ ያልተጻፈው

በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ግማሹ ፖለቲካ ነው። ግማሹ ደግሞ «የትኛውን ስልክ ልግዛ?» የሚል ነው። ፖለቲካውን ለዛሬ እንለፈውና ስለ ስልክ እናውራ።

የቴክኖሎጂ ባለሙያ አይደለሁም። በግሌ የምሠራ ጋዜጠኛ ነኝ። ስልኬ መቅረጸ ድምፄም፣ ካሜራዬም፣ ቢሮዬም፣ የባንክ ደብተሬም እሱ ነው። እሱ ከቆመ እኔም ቆምኩ። መካከለኛ የሚባል አንድ ስልክ እዚሁ ድሬዳዋ ዓመት ከመንፈቅ ተጠቅሜበታለሁ። ስሙን አልጠራም፤ ማስታወቂያም ስም ማጥፋትም እንዳይመስልብኝ። ደግሞም ከማየው ችግር አብዛኛው የአንድ ፋብሪካ አይደለም።

መጀመሪያ «መካከለኛ» የሚለውን ቃል እንነጋገርበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ስልክ ደግሞ በዶላር የሚመጣ ዕቃ ነው። እዚህ የሚገጣጠመውም ቢሆን ዕቃው ከውጭ ነው የሚገባው። ባለፈው ወር ታይዋን ገበያ ገብቼ ስጠይቅ፣ ሻጮቹ «መሃል ላይ ያለ» የሚሉኝ ስልክ ከ25 ሺህ እስከ 40 ሺህ ብር ነበር። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ የዲግሪ ምሩቅ መንግሥት ቤት ሲቀጠር መነሻው 11,500 ብር ነው። እንግዲህ አስሉት። ሳይበላ፣ ቤት ኪራይ ሳይከፍል፣ ለእናቱ ሳይልክ የሁለትና የሦስት ወር ደሞዝ ነው። ለሰውየው ይህ መካከለኛ ዋጋ አይደለም፤ ትልቅ ውሳኔ ነው። ስለዚህ «ስንት ሜጋፒክስል ነው?» ከማለት በፊት «ስንት ዓመት ያገለግለኛል?» ማለት ይሻላል።

ዕድሜውን ከሚወስኑት ነገሮች አንደኛው የእኛው ፀሐይ ነው።

ዩቲዩብ ላይ ስልክ የሚገመግሙትን ልጆች እወዳቸዋለሁ። ግን አብዛኞቹ ስልኩን የሚፈትኑት ሃያ ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ነው። ሳምሰንግም አፕልም በራሳቸው መመሪያ ስልኩ እንዲሠራ የሚመክሩት ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለ አየር ውስጥ ነው። 35! ግንቦትና ሰኔ ላይ ድሬ በቀትር ስንት እንደምትሆን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ያውም ይህ የጥላው ነው። ባጃጅ መስታወት ሥር የተቀመጠ ስልክ ምን ያህል እንደሚግል በእጃችሁ ነክታችሁ ታውቁታላችሁ።

ስልኩ ሲግል ራሱን ለማዳን ይሞክራል። የስክሪኑን ብርሃን ይቀንሳል፤ ቻርጅ መቀበል ያቆማል፤ አንዳንዱ ቪዲዮ መቅረጽም እምቢ ይላል። ይሄ ብልሽት አይደለም፣ ጥንቃቄ ነው። ዋናው ጉዳት የማይታየው ነው። ሙቀት የሊቲየም ባትሪን ቶሎ ያስረጃል፤ ሙሉ ሆኖ ሲግል ደግሞ ይብሳል። ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ላይ አድሮ፣ ጠዋት መቶ በመቶ ሆኖ ፀሐይ ላይ የሚወጣ ስልክ የዓመቱን ዕድሜ በወራት ይጨርሳል ብል ብዙ አላጋነንኩም። ስልካችሁ ቻርጁን 80 ላይ የሚያቆም ማስተካከያ ካለው አብሩት። ቻርጅ ስታደርጉ ወፍራሙን ካቨር አውጡት። ፈጣን ቻርጀር የሚባለውም ጥሩ ነው፤ ግን ፍጥነቱ ሙቀት ይዞ ይመጣል። በቀትር አትቸኩሉ፤ ድሬ ራሷ በቀትር አትቸኩልም።

ባትሪው ይህን ያህል የሚያንገበግበኝ ለምን መሰላችሁ? ከ2015 ዓ.ም. ግንቦት ጀምሮ በመላው አገሪቱ ነዳጅ የሚከፈለው በስልክ ነው። ከሳቢያን ለገሃሬ የሚመላለስ አንድ የባጃጅ ሹፌር ስለ ስልኩ ካሜራ ስጠይቀው የመለሰልኝን አልረሳውም። «አቦ፣ ካሜራው ምን ያደርግልኛል? ማደያ ስደርስ አይጥፋብኝ እንጂ!» አለኝ። ልክ ነው። ስልኩ ከጠፋ ቤንዚን የለም፤ ቤንዚን ከሌለ ሥራ የለም። መብራት በሄደ ቀን ደግሞ ጭንቀቱ እጥፍ ነው። ለዚህ ሰው 5,000 ሚሊአምፒር ባትሪ ቅንጦት ሳይሆን የዳቦ ጉዳይ ነው። ደግነቱ በዚህ ዋጋ የሚሸጡት ስልኮች አብዛኞቹ ይህን ያህል ይይዛሉ። እንዲያውም ከውዶቹ ብዙዎቹን ይበልጣሉ።

ወደ ሲም እንለፍ። እዚህ ላይ ድሬ ታሪክ አላት። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ውስጥ ኔትወርኩን ለመጀመሪያ ጊዜ ያበራው እዚሁ ከተማችን ነው፤ ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም.። አዲስ አበቤዎች በ07 የሚጀምር ቁጥር ሳያዩ እኛ እንደውልበት ነበር (ይህን ባገኘሁት አጋጣሚ ሁሉ አነሳዋለሁ፣ ታገሡኝ)። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ሁለት ሲም ይይዛል። አንዱ ለቴሌብርና ለድሮ ደንበኛ፣ ሌላው ለኢንተርኔት፣ ወይም በተቃራኒው። ስለዚህ «ሁለት ሲም ይወስዳል?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። «ከሁለቱ ሲም ጋር ሜሞሪ ይወስዳል?» ብላችሁ ጠይቁ። ለምሳሌ ጋላክሲ ኤ15 ሜሞሪ ካርዱና ሁለተኛው ሲም የሚገቡት በአንድ ቦታ ነው፤ አንዱን መምረጥ የግድ ነው። ከቴክኖና ከኢንፊኒክስ ስልኮች ብዙዎቹ ደግሞ ለሦስቱም ለየብቻ ቦታ አላቸው። እነዚህን ስልኮች የሚሠራው ትራንሽን የአፍሪካን ገበያ የያዘው እንዲህ ያለውን ትንሽ የሚመስል ነገር አስቀድሞ በማየቱ ነው። በሌላ ጫፍ ደግሞ ከ2022 ወዲህ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት አዳዲስ አይፎኖች የሲም ማስገቢያ ጭራሽ የላቸውም። ከአሜሪካ ዘመድ «ስልክ ልላክልህ?» ሲላችሁ ከምስጋናው ጋር ይህንንም ጠይቁ። በአንድ ድርጅት ኔትወርክ የተቆለፈ መሆን አለመሆኑንም እንዲሁ።

አሁን ወደ ካርቶኑ። ካርቶን ላይ በትልቁ «16 ጊጋ ራም» ተብሎ ተጽፎ ካያችሁ ከሥሩ በትንሹ የተጻፈውን አንብቡ። ብዙ ጊዜ «8 ሲደመር 8» ይላል። እውነተኛው ራም 8 ነው። ሌላው 8 ከፎቶና ከቪዲዮ ማስቀመጫው የተበደረ ነው፤ የማስቀመጫው ፍጥነት ደግሞ የራም ፍጥነት አይደለም። ጎረቤታችሁ ሳሎኑን ለእንግዳ ስለለቀቀላችሁ ቤታችሁ ሰፋ አይባልም። 108 ሜጋፒክስልም እንደዚሁ ነው። ስልኩ በተለመደው አሠራሩ ዘጠኝ ዘጠኙን ነጥብ እንደ አንድ አዋህዶ 12 ሜጋፒክስል ፎቶ ይሰጣችኋል። ይህ ነውር የለውም፤ በጨለማ ይጠቅማል። ነውሩ ቁጥሩን ብቻ አይቶ መግዛት ነው። ከጀርባ ከተደረደሩት ካሜራዎች ውስጥም ባለ 2 ሜጋፒክስሉ ከጌጥ አያልፍም።

ካሜራ መሞከር ከፈለጋችሁ ሱቁ ውስጥ የሻጩን ጠረጴዛ አታንሱ። ከተፈቀደላችሁ ወደ በሩ ውጡና ጥላ ውስጥ የቆመ ሰው ከጀርባው ፀሐይ እንዳለ አንሱ። ቀፊራ ገበያ ውስጥ በሸራ ሥር ተቀምጣ ቲማቲም የምትሸጥ እናት ፊቷ ጥላ ውስጥ፣ ጀርባዋ ነጭ ብርሃን ነው። የእኔ ሥራ የሚፈተነው እዚያ ነው። አንዳንዱ ስልክ ፊቷን ያጠቁርና ሰማዩን ያሳምራል፤ ሌላው ፊቷን ለማሳየት ብሎ እንደ ዱቄት ያነጣታል። ሁለቱም ውሸት ነው። ትራንሽን ካሜራውን ለጥቁር ቆዳ ማስተካከሉ ይነገርለታል። እኔ ግን በስም አላምንም፣ አንስቼ ነው የማየው።

ሌላው ማንም የማይጠይቀው ኪቦርዱን ነው። የድሬ ልጅ አንድ መልእክት ውስጥ በአማርኛ ይጀምራል፣ በኦሮምኛ ይቀጥላል፣ በሶማሊኛ ይቀልድና በአማርኛ ይዘጋል። ስልኩ ደግሞ የኦሮምኛውን ቃል የተሳሳተ እንግሊዝኛ መስሎት «ያርመዋል»። ለአክስቴ «ገለቶሚ» ልል ጽፌ የሄደላትን ብነግራችሁ አታምኑኝም። በጉግል ኪቦርድ ቋንቋዎቹን ለየብቻ መጨመርና ራስ-በራስ ማረሚያውን ማጥፋት ይቻላል፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ጉግል ከ2017 ጀምሮ አማርኛን በድምፅ መጻፍም ያስችላል። ቃለ መጠይቅ በሱ ገልብጡ አልላችሁም፤ አጭር ማስታወሻ ግን ይይዛል።

የማሻሻያ ዘመኑንም ጠይቁ። ሳምሰንግ ለጋላክሲ ኤ16 የስድስት ዓመት ማሻሻያ ቃል ገብቷል። በዚህ ዋጋ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ገንዘባችን ሁሉ ስልክ ውስጥ ገብቷል፣ የደኅንነት ማሻሻያ የማይደርሰው ስልክ ደግሞ ቁልፉ የዛገ ሳጥን ነው። ያው ኤ16 ግን ኤ15 ላይ የነበረውን የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ አጥቷል። ባለ ሽቦ ማይክ ለምንጠቀም ለኛ ያበሳጫል። ሁሉን ያሟላ ስልክ በዚህ ዋጋ አላየሁም።

በመጨረሻ፣ ከሻጩ በፊት ጠጋኙን ጠይቁት። ሻጩ ስለሚሸጠው ነው የሚያወራው፤ ጠጋኙ ግን የትኛው ስልክ በስንት ወሩ ተመልሶ እንደሚመጣ ያውቃል። መሳቢያውን ከፍቶ የየትኛው ስልክ ዲስፕሌይና ባትሪ እንዳለው ያሳያችሁ። «ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ትንሽ ቀን ጠብቅ» ካላችሁ፣ ያ ትንሽ ቀን ያለ ሥራ የምትቀመጡበት ቀን መሆኑን አስቡ። ታይዋን ላይ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል ደውሉ። የሚመጣው ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ ስልኩንና ካርቶኑን ያገናኛቸው ሻጩ ነው።

ስለ ቻርጀር ብዙ የምለው አለኝ፤ በተለይ «ኦሪጅናል» ተብለው አስፋልት ዳር ስለሚሸጡት። እሱን በሚቀጥለው ሳምንት እመለስበታለሁ። ስልካችሁ ስንት ዓመት አገለገላችሁ? ከሥር ጻፉልኝ፤ ከተማችሁንም ጥቀሱ። የደሴውና የድሬው መልስ እንደማይመሳሰል እወራረዳለሁ።