ሞሊንግተን፦ ጎረቤት የሚጠብቃት መንደር



በ2017 ዓ.ም. ክረምት፣ ማለትም በእነሱ የ2025 በጋ፣ ወደ እንግሊዝ አገር ተጉዘን በሊቨርፑል ከተማ በአክስታችን ልጅ ቤት ሦስት ሳምንት ሰንብተን ነበር። እንግሊዝን አይቶ የተመለሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ለንደን ነው። እኛ ግን ልናወጋችሁ የፈለግነው ከሺህ ሰው በታች ስለሚኖርባት ሞሊንግተን ስለምትባል መንደር ነው። ወደዚያ የወሰደንም ሽርሽር ሳይሆን የአንድ ቤተሰብ ጭንቀት ነበር።

የአክስታችን ልጅና ባለቤቷ ሊቨርፑል ከከተሙ ዓመታት አልፈዋል። ሦስት ልጆች አሏቸው፤ ትልቋ አሥራ አንድ ዓመቷ ሲሆን በዚያው ዓመት ሒጃብ መልበስ ጀምራለች። አባትየው በዕቃ ማከማቻ የሌሊት ፈረቃ ይሠራል። ማታ ማታ ሻይ እየጠጣን ስንጫወት ወሬው ሁሉ ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ላይ ይወድቃል። እሱ ከከተማ ወጥቶ በቼስተር አካባቢ ካሉት የገጠር መንደሮች በአንዱ ቤት ቢከራይ ይመኛል።

«እዚያ ሰላም ነው ይላሉ ወንድሜ፤ ሌባም የለ፣ ረብሻም የለ» ይለናል።

«ሰላም ለማን?» ትለዋለች ሚስቱ።

ይህ ጥያቄ ከየት እንደመጣ ለመረዳት ወደ ኋላ አንድ ዓመት መመለስ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 2024 ከሊቨርፑል በስተሰሜን ባለችው በሳውዝፖርት የባሕር ዳር ከተማ አንድ የ17 ዓመት ወጣት ሕፃናት ዳንስ ወደሚማሩበት አዳራሽ ገብቶ የስድስት፣ የሰባትና የዘጠኝ ዓመት ሦስት ልጃገረዶችን በቢላ ገደለ፤ ሌሎችንም አቆሰለ። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ገዳዩ በጀልባ የመጣ ሙስሊም ስደተኛ ነው የሚል ወሬ ከነስሙ ተሰራጨ። ስሙ ፈጠራ ነበር፤ ወጣቱም የተወለደው እዚያው ብሪታንያ ውስጥ፣ በካርዲፍ ነው። ወሬው ግን እውነቱን ቀደመው። በማግስቱ ማታ የተቆጣ ሕዝብ የሳውዝፖርትን መስጂድ በጡብና በጠርሙስ ደበደበ፣ የፖሊስ መኪና አቃጠለ፤ ከሃምሳ በላይ ፖሊሶች ተጎዱ። ረብሻው ወደ ብዙ ከተሞች ተዛመተ። ሐቁን ለመናገር፣ በዚያው ሌሊት ማግስት የሳውዝፖርት ነዋሪዎች መጥረጊያና ሲሚንቶ ይዘው መጥተው የመስጂዱን አጥር መልሰው መገንባታቸውም መነገር አለበት፤ ግንበኞቹ አብዛኞቹ ሙስሊሞች አልነበሩም።

በእነዚያ ቀናት የአክስታችን ልጅ ከቤት አልወጣችም፤ ልጆቹንም ከመስኮት አርቃ ነበር። አንድ ማታ በበሩ የደብዳቤ ቀዳዳ አንድ ነገር ሲወድቅ ሰማች። እሳት መስሏት ልቧ ሊቆም ደረሰ። ወረቀት ነበር። አጠገቧ ያለችው አሮጊት እንግሊዛዊት የስልክ ቁጥሯን ጽፋ፣ ምንም ነገር ቢያስፈልግሽ ደውይልኝ ብላ ያስገባችው ነው።

«ደወልሽላት?» አልናት።

«ምን ብዬ?» አለችን። ወረቀቱ እስከ ዛሬ በመሳቢያ ውስጥ አለ፤ አውጥታ አሳየችን።

እንግዲህ ከነገር ሁሉ ማየት ይሻላል ብለን በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ከባልየውና ከትልቋ ልጅ ጋር ባቡር ተሳፈርን። ባቡሩ ከመርሲ ወንዝ ሥር አልፎ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ቼስተር ያደርሳል። ቼስተር ሮማውያን የመሠረቷት በቅጥር የታጠረች ጥንታዊ ከተማ ናት፤ ሌላ ቀን እንመለስባት ይሆናል። ሞሊንግተን ከዚያ በስተሰሜን ምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የምትርቀው።

ከአውቶቡስ ስንወርድ መጀመሪያ የገረመን ዝምታው ነበር። ቀይ የጡብ ቤቶች፣ በመቀስ የተስተካከለ የቁጥቋጦ አጥር፣ ከአጥሩ ባሻገር አረንጓዴ መስክ። ሰው አይታይም። በእኛ አገር መንደር ውስጥ እንግዳ ሲገባ ልጆች ይከቡታል፣ እናቶች ከደጃፍ «ከየት ነው?» ይላሉ። እዚህ የቁራ ድምፅ ብቻ ነው። ትንሽ እንደሄድን በመብራት ምሰሶ ላይ የጎረቤት ጥበቃ ምልክት አየን፤ ነዋሪዎቹ አካባቢያቸውን እንደሚጠብቁ የሚናገር ነው። ይህን ምልክት እንግሊዝ አገር ውስጥ በየሰፈሩ ታዩታላችሁ። ነገር ግን በብሪታንያ የመጀመሪያው የጎረቤት ጥበቃ ማኅበር የተቋቋመው በ1982 በዚህች በሞሊንግተን ነው። በመንደሯ ቤት ሰብሮ የሚሰርቅ በዝቶ ነበርና ነዋሪዎቹ ከፖሊስ ጋር ተመካክረው፣ ሐሳቡንም ከአሜሪካ ወስደው፣ አንዱ የሌላውን ቤት ሊጠብቅ ተስማሙ። ዱላም ሮንድም የለበትም። እንግዳ መኪና ካየህ ሰሌዳውን ጻፍ፤ ጎረቤትህ ከሄደ ደብዳቤው በበሩ ላይ እንዳይከማች አንሳለት፤ የሚያሳስብህ ነገር ካለ ለፖሊስ ደውል። ይኸው ነው።

ይህን እያወራን ሳለ መጋረጃ ሲንቀሳቀስ አየን። ከዚያም ሌላ መጋረጃ። ጥቂት ቆይቶ አንዲት ሴት ውሻ እየመራች ከአንድ በር ወጥታ ወደ እኛ መጣች።

«ልረዳችሁ እችላለሁ?» አለችን በፈገግታ።

እኛ በየዋህነት እግዜር ይስጥልን ልንል ስንል አስተናጋጃችን በአማርኛ ቀስ ብሎ፣ «ኡስታዝ፣ ይህ በነሱ አነጋገር ማን ናችሁ፣ እዚህ ምን ትሠራላችሁ ማለት ነው» አለን። ልጅቱ ውሻውን ሸሽታ ከአባቷ ጀርባ ተደበቀች። ሴትየዋ ይህን አየችና የውሻውን ገመድ አሳጥራ በእግሯ አጠገብ ያዘችው። እዚህ ላይ ፊቷ ተለወጠ፤ የመጀመሪያው ፈገግታ የበር ፈገግታ ነበር፣ ይሄኛው የሰው። መምህር መሆናችንን፣ የመንደሪቱን ታሪክ ልናይ መምጣታችንን ስንነግራት ስቃ፣ ያንን የሚያውቅ ሰው አለ ብላ ወደ አንድ ሽማግሌ ቤት ወሰደችን።

ሽማግሌው በአትክልቱ ውስጥ ወንበር አወጣልን፤ ቤቱ ውስጥ ግን አላስገባንም፤ ያለ ቀጠሮ የሚመጣ እንግዳ ልማዳቸው አይደለም። የሰጠን ሻይ ወተት የበዛበት ነበር። እውነተኛው ጥበቃ ምልክቱ እንዳልሆነ ያጫወተን እሱ ነው። ጠዋትና ማታ ውሻ የሚያንሸራሽሩት ሰዎች ናቸው የመንደሩ ዓይን፤ የማን መብራት እንዳልበራ፣ የማን ወተት ከደጅ እንዳልተነሣ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የሦስት ጎረቤቶቹን የቤት ቁልፍ በወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ እንደሚያስቀምጥ ነገረን። ቁልፍ አደራ! ይህን ስንሰማ አስተናጋጃችን ዓይኑን ወደ እኛ ወረወረ።

አንባብያን እንዳይሳሳቱ ግን አንድ ነገር መጨመር አለብን። የጎረቤት ጥበቃ ሁሉ ሠምሯል ማለት አይደለም። በ1980ዎቹ አጋማሽ በለንደን በሁለት ሰፈሮች የተደረገ ጥናት ስርቆቱ እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ማኅበሩ በቀላሉ የሚቋቋመውም ድሮውኑ ሰላም ባለበትና ደህና ገቢ ባላቸው ሰዎች ሰፈር ነው፤ በጣም በሚያስፈልግበት ቦታ ለማቋቋም ያስቸግራል። ለዚህ ነው እኛን ከሞሊንግተን ይልቅ የሮችዴሉ ከርክሆልት የሚያስደንቀን። ከርክሆልት በማንቸስተር አቅራቢያ ከሁለት ሺህ በላይ ቤቶች ያሉት የድሆች ሰፈር ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ አጥኚዎች ሰፈሩን ሲመረምሩ አንድ ጊዜ የተሰረቀ ቤት እንደገና የመሰረቅ ዕድሉ ካልተሰረቀው ከአራት እጥፍ በላይ መሆኑን አገኙ። ስለዚህ ኃይላቸውን የተሰረቁት ቤቶች ላይ አደረጉ። ሌባውን የሚጠራውን ሳንቲም የሚጎርስ የጋዝና የመብራት ቆጣሪ አስነሡ፤ በርና መስኮቱን አጠነከሩ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በተሰረቀው ቤት ዙሪያ ያሉትን ስድስት ያህል ጎረቤቶች ይህን ቤት ዓይናችሁ አይለየው ብለው ለመኗቸው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት በነበረው ዓመት 526 የነበረው ቤት ሰብሮ ስርቆት በሦስተኛው ዓመት 132 ሆነ። እኛ በመድረሳ የጎረቤትን ሐቅ ስንማር ጎረቤት እስከ አርባ ቤት ይደርሳል ያሉ ዑለማዎች እንዳሉ ተምረን ነበር። ከርክሆልት ላይ ስድስቱ ብቻ ይህን ያህል ከሠሩ አርባውን ማሰብ ነው።

በእርግጥ በአገሪቱ በሙሉ ስርቆት ቀንሷል። በእንግሊዝና በዌልስ፣ ለፖሊስ ያመለከተም ያላመለከተም ሰው በየቤቱ እየተጠየቀ የሚዘጋጅ የወንጀል ጥናት አለ፤ የተጀመረውም እንደ አጋጣሚ በዚያው በ1982 ነው። በ1995 ወደ ሃያ ሚሊዮን ገደማ ወንጀል ተገምቶ ነበር። ማጭበርበርን ሳንጨምር ዛሬ ከዚያ ሲሶ አይሞላም። ለዚህ ብዙ ምክንያት ይሰጣል፤ ከሁሉ የሚታመነው ግን ተራ ነገር ነው፤ የተሻለ የበር መቆለፊያ፣ ባለ ድርብ መስታወት መስኮት፣ ያለ ትክክለኛው ቁልፍ የማይነሣ መኪና። በገጠሩ ደግሞ ከከተማው ያነሰ ወንጀል ነው የሚመዘገበው። የገበሬው ሌባ ግን አለ፤ ናፍጣ ይቀዳል፣ በግ ይነዳል፣ ከትራክተሩ ላይ መንገድ የሚያሳየውን መሣሪያ ይነቅላል። ፖሊሱም ከከተማ እስኪመጣ ድረስ ርቀቱ ብዙ ነው።

ስርቆት ከቀነሰ ሌባው የት ሄደ? ሽማግሌውን ይህንኑ ስንጠይቀው ወደ ስልኩ አመለከተ። በዚያው ጥናት ዛሬ ከአሥር ወንጀል አራት ያህሉ ማጭበርበር ነው። ከዚያች መንገድ ማዶ የምትኖር ባሏ የሞተባት ጎረቤቱ፣ ከባንክ ነው የምንደውለው ያሏትን ሰዎች አምና የቆጠበችውን ገንዘብ አስረከበቻቸው። እንግዳ መኪና አልመጣም፤ ውሻም አልጮኸም፤ ማንም መጋረጃ አልገለጠም። ለአንድ ወር ያህል ለማንም አልተናገረችም። «አፈረች» አለን ሽማግሌው፤ «ቁልፏ እኔ ዘንድ ነበር፤ እሷ ግን አፈረች።» ከዚህ በኋላ ብዙ አላወራም።

ስንመለስ በባቡር ውስጥ አባትየው ቤት ኪራዩን በስልኩ ሲመለከት ቆየና ዘጋው። ዋጋው አይቀመስም፤ አውቶቡሱም ጥቂት ነው፤ ልጆቹ ቁርኣን የሚቀሩበትም ቦታ ሊቨርፑል ነው። እነዚህን ሁሉ ቆጠረልን። ልጅቱ ግን ሌላ ነገር ጠየቀች፦

«አጎቴ፣ ሴትየዋ ውሻውን ባታሳጥረው ኖሮ ምን ትሉ ነበር?»

ምን እንመልስላት? ያቺ ሴት በመስኮት ስታየን ፈርታን ነበር፤ ይህን ደብቀን ልጅቱን ማታለል አንፈልግም። ቆዳችንን አየች፣ ቆባችንን አየች፣ የልጅቱን ሒጃብ አየች። ፍርሃቷን ይዛ እቤቷ ብትቀርና ለፖሊስ ብትደውል ኖሮ መንደሩ በደንብ ተጠበቀ ይባል ነበር፤ እኛም ምናልባት መንገድ ላይ መታወቂያ ስንጠየቅ እንውል ነበር። እሷ ግን ወጥታ ጠየቀችን። መውጣቷ ቀላል አልነበረም። ይህንን ነው ለልጅቱ የነገርናት፤ ዝም ብላ አዳመጠችን።

ማታ ቤት ስንደርስ ሁሉንም ለእናትየዋ ተረክንላት። ስለ ሰዎቹ ቁልፍ ስንነግራት ብዙ ጠየቀችን፤ ስለ ቤት ኪራዩ ግን ምንም አልጠየቀችም። በማግስቱ ከዐስር በኋላ ሳምቡሳ ጠበሰች፤ ሥጋ ትበላ እንደሆን አላውቅም ብላ የምስሩን ለይታ በሳህን አደረገችና ለትልቋ ልጅ ሰጠቻት፤ ወረቀቱንም ከመሳቢያ አውጥታ በእጇ ያዘች። ሁለቱ ወጥተው የአሮጊቷን በር ሲያንኳኩ እኛ በደጃፉ ቆመን ነበር። ወዲያው አልተከፈተም። ከውስጥ «ማን ነው?» የሚል ደካማ ድምፅ መጣ፤ ልጅቱ በእንግሊዝኛ «የጎረቤት ልጅ ነኝ» አለች። ከዚያም አንድ መቆለፊያ ሲከፈት ሰማን፤ ሁለተኛው ተከተለ፤ ሰንሰለት ሲወርድ ተሰማ፤ ከታች ያለው መወርወሪያም ቀስ ብሎ ተሳበ።