ሚግ እና የግቢያችን በር

ልጅ ሳለሁ ሚግ ማለት የጦር አውሮፕላን ነበር። ሌላ ትርጉም አልነበረውም። ሚግ 21፣ ሚግ 23 እያልን ጭቃ አቡክተን ስንሠራ እንውል ነበር። ስለዚህ ከስንት ዘመን በኋላ፣ እዚሁ ጉለሌ፣ ከቤቴ ዝቅ ብሎ ያለው የብየዳ ቤት ልጅ «ጋሼ፣ ሚግ አስገባን እኮ!» ሲለኝ ወደ ሰማይ ባንጋጥጥ አይፈረድብኝም። የብየዳ ማሽን ነው ለካ።

ያን ሰሞን የግቢያችን በር አዘንብሎ ነበር። አባቴ ያሠሩት የድሮ በር ነው፤ ሁለት ሰው አያነሳውም። ማጠፊያው የተያዘበት ቋሚ ደግሞ ዝገት የጠገበ ወፍራም ብረት ነው። ልጁ መጥቶ አየና «ይሄ በኤሌክትሮድ ነው የሚሆነው» አለኝ። እኔ አንድ ክፉ ልማድ አለብኝ፤ አዲስ ነገር ከሰማሁ ስለሱ ሳላነብ አላድርም። አንብቤ ነበር። ሚግ ፈጣን ነው፣ ንጹሕ ነው፣ በመዶሻ የሚራገፍ ቅርፊት የለውም። «አዲሱን ማሽን ለሀብታም አስቀምጠህ እኔን በአሮጌው ልትገላገለኝ ነው?» አልኩት። «ኧረ ጋሼ፣ እንደሱ አይደለም...» ብሎ ሊያስረዳኝ ሞከረ። እኔም ላስረዳው ሞከርኩ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው ደግሞ በክርክር መሸነፍ አይችልበትም። ልጁ ዝም አለ። ማሽኑንና የጋዝ ሲሊንደሩን በጋሪ እየገፋ አቀበቱን ይዞልኝ መጣ።

አቤት ሥራው ሲያምር! እንደ ሽሮ ሜዳ ጥለት የተሰደረ፣ አንድ ቦታ ያልጎረበጠ። ለጎረቤት ሁሉ አሳየሁ።

ከአራት ወር በኋላ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት፣ የስድስት ዓመት የልጅ ልጄ ኳሱን እያሳደደ በሩን ገፍቶ ገባ። እሱ እንደገባ በሩ ከኋላው ወደቀ። መሬቱ ሲናጥ ይሰማኛል። በበሩ ጫፍና በልጁ ተረከዝ መካከል የነበረውን ርቀት በኋላ ወጥቼ በእርምጃ ለካሁት፤ ሁለት አልሞላም። ባለቤቴ ልጁን አቅፋ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቋሚውን ጠጋ ብዬ አየሁት። ብየዳው አልተሰበረም፤ ተላጠ። ጠረጴዛ ላይ የተንጠባጠበ ሰም በጥፍር ሲፈነቀል እንደሚነሳ፣ ጥለቱ ሙሉውን ተነስቶ ከማጠፊያው ጋር ሄዷል። ከሥሩ የነበረው ዝገት እንኳ ያው እንዳለ ነው።

በማግሥቱ ቁራጩን ይዤ ብየዳ ቤቱ ሄድኩ። አሁን አፌን ዘግቼ። ልጁ ብረቱን እያገላበጠ ያስረዳኝ ጀመር። ሚግ ላይ አንድ ቀጭን ሽቦ ከጥቅልሉ እየተመዘዘ በእጅ በሚያዘው መሣሪያ በኩል ይወጣል። የእሱ ሽቦ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። ኤሌክትሪኩን የሚያደርሰውም፣ ቀልጦ ብረቱን የሚያያይዘውም ያው ሽቦ ነው። በዙሪያው ጋዝ ይነፋል፤ የቀለጠውን ብረት አየር እንዳይነካው። (ስሙም ከዚያ የመጣ ነው፤ ሜታል ኢነርት ጋዝ። አሜሪካ ውስጥ በፈረንጆች 1948 ሲጀመር ለአሉሚኒየም ነበር። በ1953 ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲመጣ ለተራው ብረትም ረከሰ። ይህን እኔ ነኝ ያነበብኩት፤ ልጁ ለሥራው አላስፈለገውም።)

«ጋዙን ንፋስ ከወሰደው አለቀ» አለኝ። የእኔ በር ያለው ደግሞ የእንጦጦ ንፋስ ተንደርድሮ የሚወርድበት ደጅ ላይ ነው። የተላጠውን ብረት ገልብጦ ጥቃቅን ቀዳዳዎቹን አሳየኝ፤ ልክ የእንጀራ ዓይን። እንጀራ ሲሆን ዓይናማው ይመረጣል፤ ብየዳ ላይ ግን እያንዳንዱ ዓይን ብረት የጎደለበት ቦታ ነው። ኤሌክትሮድ ላይ ያለው ልባስ ሲቃጠል ጋዙንም ቅርፊቱንም ራሱ ስለሚሠራ ደጅ ላይ ይችላል፤ ትንሽ ዝገትም ያልፋል። ሚግ ዝገትና ቀለም አይወድም። ሁለተኛው ነገር ውፍረቱ ነው። ትንሽ ማሽን ወፍራም ብረት ላይ ሽቦውን ያቀልጠዋል እንጂ ብረቱን በቅጡ አያቀልጠውም፤ ብየዳው ላዩ ላይ ይተኛል። ላዩ ደግሞ ያምራል። ትልቅ ማሽን ያለው ፋብሪካ ወፍራሙንም በሚግ ይበይዳል፤ የእሱ ማሽን ግን ለዚያ አልተሠራም።

«ታዲያ ለምን ገዛኸው?» አልኩት።

«ለላሜራ ነዋ! ስስ ላሜራ በኤሌክትሮድ ስትነካው ይበሳል። የመኪና አካል፣ የመስኮት ፍሬም፣ ረጅም መስመር፣ በአንድ ቀን ሃያ ሠላሳ አንድ ዓይነት ነገር... ቤት ውስጥ፣ በር ዘግቼ።»

ይህን ሁሉ ያን ቀን በሬ ላይ ሊነግረኝ ነበር ማለት ነው።

ቅኔ ሳስተምር በየዓመቱ ሰምና ወርቅ ከየት እንደመጣ እናገራለሁ። አንጥረኛው ሰሙን ይቀርጻል፣ በሸክላ ይሸፍነዋል፤ በእሳት ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ በቦታው ይፈስሳል። ሰሌዳው ላይ ሥዕሉን ሳይቀር እሥል ነበር። አንድም ቀን ግን ተማሪዎቼን አንጥረኛ ቤት ወስጄ አላውቅም። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅ እንዳይሰደብ አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። እኔ ልጁን ቀጥቃጭ ብዬ አልሰደብኩትም፤ እንዲያውም ማክበሬ ነበር የመሰለኝ። ስለ ገዛ ሥራው ሊናገር ሲል ግን አላስጨረስኩትም።

«እምቢ ማለት ነበረብኝ ጋሼ» አለኝ፣ ቁራጩን እያስቀመጠ። «ገንዘቡ አስፈልጎኝ ነው።» ምን እንደምመልስለት ጠፋኝ።

በሩን በሳምንቱ ሠራው። ግማሽ ቀን የፈጀበት ዝገቱን መሞረድና ጠርዙን ሰያፍ አድርጎ መክፈት ነው፤ ኤሌክትሮዱ ሥሩ ድረስ እንዲገባ። ብየዳው ራሱ ብዙም አልቆየ። ቅርፊቱን በመዶሻ ሲያራግፈው ከሥሩ የወጣው መስመር ሸካራ ነው፤ ለጎረቤት የሚታይ አይደለም። የልጅ ልጄ ብልጭታውን ለማየት ሲንጠራራ «ዓይኑን! ዓይኑን ሸፍኑት!» ብሎ ጮኸብኝ። ሸፈንኩ። ራሴም ፊቴን አዞርኩ።

ዕቃውን ሲሰበስብ ቆማ ወደ ዛገችው ቶዮታዬ ጎንበስ ብሎ ወለሏን አየና ጣቱን በቀዳዳው አሾለከ።

«እቺ ግን በሚግ ናት» አለ። «ቅዳሜ ያምጧት። መብራት ካለ።»