ለካ ጥፋቱ የእናንተ አልነበረም

ይህችን የምጽፈው በተለይ ቡታጅራ ሳስተምር ሰርኪዩት ቦርድ በእጃችሁ ለሠራችሁ ልጆች ነው።

ታስታውሳላችሁ? ስዕሉን ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደን ትራንስፓረንሲ ላይ እናሳትማለን። መስመሩ ብቻ ብርሃን እንዲያሳልፍ ሌላው ቦታ በቶነር ይጠቁራል። ከዚያ ፎቶሬዚስት ፊልም የተለጠፈበት መዳብ ላይ አስቀምጠን ዩቪ መብራት እናበራበታለን። ብርሃን ያገኘው ፊልም ይጠነክራል፤ ያላገኘው በሶዲየም ካርቦኔት ውሃ ታጥቦ ይወጣል፤ የተገለጠውን መዳብ ፌሪክ ክሎራይድ ይበላዋል።

መጨረሻ ላይ ግን መስመርና መስመር ተነካክቶ ይገኛል። የእኔ መልስ ሁሌም አንድ ነበር፦ «በደንብ አላጠባችሁትም!» ማርክም ቆርጫለሁ። አንዱ ልጅ «ቲቸር፣ ሦስቴ ነው ያጠብኩት» ሲለኝ እንኳ አልሰማሁትም።

ባለፈው ወር ወልቂጤ ያለ አንድ ወዳጄ በሬዚን የሚሠራ ስሪ ዲ ፕሪንተር አዋሰኝ። ማሽኑ ሬዚኑን የሚያጠነክረው በ405 ናኖሜትር ብርሃን ነው፤ የእኛም ፊልም በዚሁ ብርሃን ይጠነክራል። ሬዚኑን ትቼ ቦርዱን በፊቱ ደፍቼ ስክሪኑ ላይ አስተኛሁት። ስዕሉን ስክሪኑ ራሱ አወጣው፤ ትራንስፓረንሲ የለ፣ ቶነር የለ። የአንዷ ነጥብ ስፋት 0.05 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 0.3 ሚሊ ሜትር መስመር 6 ነጥብ ይደርሰዋል።

የመጀመሪያው ቦርድ ግራና ቀኙ ተገልብጦ ወጣ። ሁለተኛው ብርሃን በዝቶበት አልታጠብ አለ። በሦስተኛው፣ ድሮ ፎቶ አጣቢዎች እንደሚያደርጉት፣ ቁራጭ ላይ 10፣ 20፣ 30 ሰከንድ እያልኩ ሞከርኩ፤ የእኔው 40 ላይ አማረ።

ያው ፊልም፣ ያው ሶዳ፣ ያው የእኔ እጅ። ግን አንድም መስመር አልተነካካም።

ያኔ ነው የደነገጥኩት። የድሮውን ትራንስፓረንሲ ከመሳቢያ አውጥቼ ወደ መስኮት ቀና አድርጌ አየሁት። ጥቁር ነው ያልነው ቦታ እንደ ወንፊት ተበሳስቷል! ብርሃኑ በዚያ እየሾለከ መታጠብ የነበረበትን ፊልም ሲያጠነክር ኖሯል። አሥር ጊዜ ቢታጠብም አይለቅም ነበር። ይህን ለማወቅ ደግሞ ማሽን አያስፈልግም ነበር፤ መስኮት ይበቃ ነበር።

ማርኩን አሁን መመለስ አልችልም። አንተ ልጅ፣ ይህን ካነበብከው፣ ሦስቴ አጥበኸው ነበር። ይቅር በለኝ።

ዛሬ የምታስተምሩ ደግሞ፣ ተማሪ «አጥቤዋለሁ» ካላችሁ፣ ከመቆጣታችሁ በፊት ትራንስፓረንሲውን ወደ ብርሃን ያዙት።