እውነተኛው እሬት

ጡት ያስጣለኝ እሬት ነው። እናቴ እንደምትለው፣ ሁለት ዓመት አልፎኝም አልላቀቅ ስላልኳት፣ ሁሩታ ካለው ቤታችን አጥር ሥር አንድ ቅጠል ሰብራ ቢጫውን ፈሳሽ ጡቷን ተቀባችው። አንዴ ቀምሼ ፊቴን አዞርኩ። ከዚያ ወዲህ እኔና እሬት ሰላምታም አልነበረን።

አምና ግን አዲስ አበባ፣ መንገድ ዳር ከተደረደሩ ችግኞች መካከል አንዱን በገዛ ገንዘቤ ገዛሁ። ሻጩ «አሎቬራ ነው» አለኝ። «እሬት» ቢለኝ ኖሮ ዞሬም አላየው። ሻምፖው፣ ሳሙናው፣ የፊት ቅባቱ ሁሉ አሎቬራ ነው፤ «ባለ እሬት» ተብሎ የተሸጠ ሳሙና እስካሁን አላየሁም።

«ቬራ» በላቲን «እውነተኛ» ማለት ነው። ታዲያ የእናቴ አጥር ሥር ያለው ሐሰተኛ ነው? ነገሩ ከንክኖኝ ዘሩን ማጣራት ያዝኩ። እውነተኛው የባሕር ማዶ ልጅ ሆኖ ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የዘር ሐረግ ጥናት መነሻውን ከዓረብ ምድር ያደርገዋል። ዓረቦቹም እሬትንና ትዕግሥትን ከአንድ ሥር በወጣ ቃል፣ «ሰብር» ብለው ይጠራሉ። (ጡት የሚጥል ሕፃን ሁለቱንም ባንድ ቀን ይማራል።) በእኛና በኤርትራ ምድር ደግሞ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከኖርዌያዊቷ ኢንገር ኑርዳል ጋር በመጽሐፍ የመዘገቧቸው ከ40 በላይ የእሬት ዝርያዎች አሉ። አንዱ፣ ስምጥ ሸለቆ የሚበቅለው፣ አበባው ፀጉራም ነው። የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረው ስምምነት እነዚህን የዱር እሬቶች ያለ ፈቃድ ድንበር እንዳይሻገሩ ይጠብቃቸዋል፤ አሎቬራን ግን ከዝርዝሩ አውጥቶታል። «እውነተኛው» ዘበኛ የለውም፤ ዘበኛ ያለው የእናቴ አጥር ነው።

የኔው አሎቬራ ግን ጠባቂ ያስፈልገው ነበር፤ ከእኔ የሚጠብቀው። ሥሩ ያልተበሳ የቀለም ጣሳ ውስጥ ተክዬ በቀን ሦስት ጊዜ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያልኩ አጠጣሁት። በወሩ ከሥሩ በስብሶ ተኛ። የተረፈችውን አንዲት ልጁን ነቅዬ፣ በፌስታል አንጠልጥዬ፣ በአዳማ በኩል ሁሩታ ገባሁ።

«ስንት ገዛኸው?»

ግማሹን ነገርኳት።

«ለሀርጊሳ!» እናቴ ሲገርማት ኦሮምኛው ይቀድማታል፤ «ለእሬት!» ማለቷ ነው።

መጀመሪያ ቃጫ ሸጠውብህ ይሆናል ብላ ጠረጠረች። ቃጫና እሬት ከሩቅ ወንድማማች ይመስላሉ፤ የቃጫ ቅጠል ግን ክሩ ይይዘዋል እንጂ እንደ እሬት ቀጭ ብሎ አይሰበርም። ቃጫ ዕድሜውን ሙሉ ቆይቶ አንዴ ያብብና ይሞታል፤ እሬት በየዓመቱ ያብባል። የኛው አጥር ሥር ያለው አበባው ቀይ ብርቱካናማ ነው፤ የአሎቬራ ቢጫ ነው። ያ እስኪወጣ ግን ማን ይጠብቃል?

«ቁስሉ ሳይደርቅ አፈር አይነካም» ብላ ችግኟን ጥላ ሥር አጋደመቻት። ጥቂት ቀን ሲያልፍ ውኃ የማይተኛበት፣ ጠጠር የበዛበት ቦታ መርጣ ከአጥሩ ሥር፣ ከአሮጌው እሬት ጎን ቆፈረች። ከመትከሏ በፊት የአንዱን ቅጠል ጫፍ ቀጨችና ቢጫውን ፈሳሽ በምላሷ ነካችው። ፊቷ ተጨማደደ። እንትፍ አለች።

«አዎ፣ እሬት ነው።»